የሙሄ ቀኝ እጅ

ሙሄ ማሽላ ማሳው ውስጥ ተዝለፍልፎ ወድቆ ቀኝ ጎኑ ከሰለለ ወዲህ ሚስቱ ሐጂራ ተቃጥላ አለቀች። እግሩስ በምርኩዝ ይጎተታል፤ ቀኝ እጁ ግን በእሾህ ቢወጉት አይሰማው። በግራ መብላት ደግሞ ነውር ነውና የሸዋ ሮቢት ጎረቤት እየመጣ ያጎርሰዋል።

"እናንተ እያጎረሳችሁት እጁ ለምን ብሎ ይሥራ!" ብላ ሁሉንም አባረረች። ከዚያ ወዲህ የማሽላ ንፍሮ ፊቱ አስቀምጣ፣ "በቀኝህ ልቀም፤ አለዚያ ጦምህን እደር!" ትለዋለች። ንፍሮውን ዶሮ ይለቅመዋል፤ ሲመሽ አንጀቷ አልችል ይልና እየተራገመች ራሷ ታጎርሰዋለች።

በአምስተኛው ወር፣ አንድ የገበያ ቀን ጧት፣ አንዲት ፍሬ አፉ ደረሰች። ሐጂራ እልል አለች።

በዚያው ቀን ባልና ሚስቱ ገበያ ሳሉ የጣሊያን ሹም ባንዳ አስከትሎ ሲያልፍ፣ ሰው ሁሉ እንደታዘዘው ለሰላምታ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። የሙሄ ተንጠልጥሎ ቀረ።

"አንሳው እንጂ!" አለች በሹክሹክታ። ወይ ፍንክች! ባንዳው አለንጋውን ሲያነሳ፣ "ወላሂ በድን ነው፣ ጌታዬ!" ብላ እግሩ ላይ ተደፋች፤ ባንዳውም ተዋቸው።

ቤት እንደገቡ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ጧት የተነሳው እጅ ምን ሆነ? በሐሰት አስማልከኝ እኮ!" ብላ ጮኸችበት።

ሙሄ በቀኝ እጁ ንፍሮ ለቅሞ አፉ ውስጥ ጨመረ።

"አንቺ ያስተማርሽው መብላት ነው" አለ።