ያልተመለሰው ምስር

ይህ የሆነው በደርግ ዘመን፣ ወጣቱ ለብሔራዊ ውትድርና ይሄድ በነበረበት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ የሰው ስም፣ የደንበኛ መልክ፣ አንዳንዴም ቁልፌን የት እንዳስቀመጥኩ። ይህን ግን አልረሳም። አንደኛ ነገሩ ራሱ ስለ መርሳት ነው። ሁለተኛ ደግሞ ብልጥ ነኝ ብዬ የዚያን ጊዜ ያህል ሞኝ ሆኜ አላውቅም።

ሱቄ ከኦሎምፒያ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ቦሌ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብላ የተሠራች ቆርቆሮ ነበረች። እንቁላል፣ ቅቤ፣ ምስር፣ አተርና ሽምብራ እሸጥባታለሁ። ገርጂና ጎሮ ያኔ የእርሻ አገር ናቸው፤ እንቁላሉንና ቅቤውን ገበሬዎቹ ራሳቸው በጠዋት ተሸክመው ያመጡልኛል። ስኳርና ዘይት የቀበሌ ነው፤ አልነካውም። እንቁላል ግን ጓድ አልነበረውም። ማንም ስብሰባ ጠርቶበት አያውቅም።

ከደንበኞቼ ሁሉ የምፈራቸው እትዬ አሰገደችን ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ስልክ አገናኝ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። የመሥሪያ ቤቱን ሠራተኛ ሁሉ የስልክ ቁጥር በቃላቸው ይዘው ነበር ይባላል። ባላቸው ሞተዋል። ያላቸው አንድ ልጅ ነው፣ ግርማ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። እንቁላሉን አንድ በአንድ በሁለት ጣታቸው ያነሱና ወደ ፀሐይ አቅንተው ያዩታል። ትኩስ ከሆነ ውስጡ ጥርት ይላል፤ የቆየ ከሆነ ይጠቁራል። ያልጣማቸውን ወደ እኔ ይገፋሉ።

«ይኼን ለማያውቅ ሽጥ» ይላሉ።

«እትዬ፣ የዛሬ ጠዋት ነው እኮ!»

«ከገርጂ የመጣው ዛሬ ጠዋት ነው። ዶሮዋ የጣለችው መቼ እንደሆነ አንተም እኔም እናውቃለን። ቀጣፊ!»

አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም። የቆየውን ከሥር የምደብቀው እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ።

ግርማ ለውትድርና በሄደ ሰሞን እትዬ አሰገደች እንቁላል መግዛት አቆሙ። ቅቤም አቆሙ። ምስርና የሽሮ አተር ግን እንደ ወትሮው ከእኔ ይወስዳሉ። ወቅቱ ሁዳዴ ስለነበር መጀመሪያ ልብ አላልኩትም። ፋሲካ መጣ፣ አለፈ። እንቁላል የለም። በቃ፣ ሌላ ነጋዴ አግኝተዋል አልኩ። ከቤታቸው ጀርባ እንቁላል መሸጥ የጀመረ አንድ ሰውዬ ነበርና እሱን ጠረጠርኩ። ሰላምታ ነሳሁት። ገበሬዎቼንም እሱ ዘንድ እንዳይደርሱ አስጠነቀቅኩ። ሰውዬው ምን እንደበደለኝ ሳያውቅ ከሠፈሩ ለቆ ሄደ።

እሱ ከሄደም በኋላ እትዬ እንቁላል አልገዙም። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። ቂሜ ደግሞ አልበረደም። አንድ ቅዳሜ ሆን ብዬ የነቀዘ ምስር ሰፈርኩላቸው። ከረጢቱን እዚያው ከፍተው በመዳፋቸው ዘርግተው፣ «ይኼ ምስር በእግሩ ነው የመጣው?» ብለው ሲሰድቡኝ እየታየኝ ነበር። ቢያንስ አንድ ጨዋታ ይሆናል ብዬ ነው።

ሳይከፍቱት ያዙት። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ግርማ» ብለውኝ ሄዱ።

ስሜ ሸምሱ ነው።

ሰኞ ጠበቅኳቸው፣ ማክሰኞም። ምስሩ አልተመለሰም። ዓርብ ጠዋት መጥተው ሌላ ምስር ገዙ። ከሰዓት በኋላ ተመልሰው መጡና ደግሞ ምስር ጠየቁኝ። ሲራመዱ ግድግዳ እየዳሰሱ ነው።

«እግርዎን አመመዎት እንዴ እትዬ?» አልኳቸው።

«አላመመኝም፤ ጥጥ የረገጥኩ ይመስለኛል» አሉ።

ከዚያ ወሬው በዛ። በስኳር ሰልፍ ላይ የቀበሌ ካርዳቸውን በእጃቸው ይዘው ካርዴ ጠፋ ብለው አለቀሱ ተባለ። አንዱ ዛር ነው ይላል፣ አንዱ የልጅ ሐሳብ ነው፣ አንዱ ደግሞ እርጅና ነው ብሎ እጁን ያራግፋል። ሁሉም አንድ አንድ በሽታ ሰጥቷቸው ሄደ። ምን እንደሚበሉ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

በመጨረሻ ዘነበች የምትባል የእህታቸው ልጅ ከደብረ ብርሃን መጣች። ዓርብ ዕለት ሱቄ ቆማ ሁለት ኪሎ ሽምብራ ስጠኝ አለችኝ።

«ለምንድነው?»

«እሁድ አክስቴን ፀበል ልወስዳት ነው። ሁለት ሦስት ወር እንቆያለን። እዚያ የሚበላው ጥሬ ነው።»

«ከስተው አንድ ፍሬ አክለዋል እኮ! በጥሬ ብቻ ይችሉታል?»

«ለእሷ አዲስ አይደለም። ግርማ ከሄደ ጀምሮ ፍስክ በአፏ አልዞረም። በደህና እስኪመለስ ድረስ ላትቀምስ ተስላለች። ማንም እንዲያውቅባት አትፈልግም፤ ለእኔም አምልጧት ነው የነገረችኝ።»

«ፋሲካም?»

«ፋሲካም፣ ገናም። ሁለት ዓመት ሙሉ።»

የምሰፍርበት ጣሳ በእጄ ቀረ። ያ እንቁላል ነጋዴ ትዝ አለኝ፤ አሁን የት ይሆን? ከዚያ ያ ምስር ትዝ አለኝ።

«እህቴ፣ ፀበሉ የትም አይሄድም። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ እናሳያቸው» አልኳት።

«አንተ ምን አገባህ? አንደኛ እስላም ነህ። ሁለተኛ እንቁላል ነጋዴ ነህ። ብታስገድፋት ገበያህ ነው።»

ሁለቱም እውነት ነው።

«እንቁላሉን ከሌላ ሰው ግዙላቸው» አልኩ።

ነጋዴ እንዲህ ሲል ሰምታ ስለማታውቅ ይመስለኛል፣ እሺ አለች። በማግስቱ ቅዳሜ፣ በደራ ገበያ፣ ሱቄን ዘግቼ ሦስታችን ሄድን።

በጤና ጣቢያው ጋሽ በላቸው የሚባሉ አሮጌ ድሬሰር ነበሩ፤ በጦር ሠራዊት የተማሩ። የእትዬን የዓይን ቆብ ገልበጥ አድርገው አዩ። ምላስዎን ያውጡ አሏቸው። ምላሳቸው እንደተላጠ ቀይና ልሙጥ ነው።

«ምን ይበላሉ?»

«የተገኘውን» አሉ እትዬ።

«እንደ ሰው ነው የምትበላው» አለች ዘነበች። የአክስቷን ምስጢር እፊታቸው ማውጣት ከብዷታል።

እኔ ግን ጣልቃ ገባሁ። «በሳምንት አንድ ኪሎ ምስር፣ ግማሽ ኪሎ የሽሮ አተር። ልጃቸው ከሄደ ወዲህ አንዲት እንቁላል የለም፣ አንዲት ማንኪያ ቅቤ የለም።»

«ወተትስ?»

«በሠፈሩ ወተት የሚያመጡትን ሁሉ አውቃቸዋለሁ። የእሳቸውን ደጅ አያንኳኩም።»

ጋሽ በላቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ነጋዴ ነህ ወይስ የደኅንነት ሰው?»

በዚያ ዘመን ይህ ቀልድ ጮክ ተብሎ አይቀለድም። ማንም አልሳቀም።

ጋሽ በላቸው አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ምላስና እንዲህ ያለ እግር ያላቸው፣ ከገዳም የወረዱ ባህታዊ አይተው እንደነበር ነገሩን። ወረቀት ጽፈው ሆስፒታል ላኩን። ፀበሉ ቀረና ሰኞ ሄድን። ሐኪሙ ደማቸውን አስመርምሮ፣ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል የሚገኝ አንድ ቫይታሚን አልቆባቸዋል አለ። በእርጅና ጊዜ ሆድ ያችኑ ትንሿንም በደንብ አይወስዳትም፤ ሲጎድል ነርቭንና አእምሮን ይጎዳል፣ በቶሎ ከተደረሰበት ግን ይመለሳል አለን። መርፌ አዘዘ። ፍስክም ይብሉ አለ።

መርፌውን እትዬ እሺ አሉ። «መርፌ በአፍ አይገባም፤ ጾም አያፈርስም» አሉ፤ ያቺ የድሮዋ ክርክራቸው ብልጭ ብላ ጠፋች። እንቁላሉን ግን እንቢ አሉ።

«ከቀመስኩ ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ» አሉ።

የቀረን የነፍስ አባታቸው ብቻ ነበሩ። መምሬ ይፍሩ ይባላሉ። እሳቸውንም የማውቃቸው በሱቄ ነው፤ ከጾም ውጭ ቅቤ እንደ እሳቸው የሚወስድብኝ ሰው አልነበረም። ነገሩን ስነግራቸው ደነገጡ። «እኔ ሳላውቅ?» አሉና መቋሚያቸውን ይዘው ተነሱ።

እትዬ ቤት ሲገቡ እኔ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ማን ፈቀደልሽ?» አሉ መምሬ፣ ገና ሳይቀመጡ።

«ስለቱ የእመቤቴና የእኔ ነው፣ አባ።»

«ዕድሜሽን ሙሉ ስልክ ስታገናኚ ኖረሽ፣ በእኔ በኩል ሳታልፊ በቀጥታ ደወልሽ!»

እትዬ ሳቁ። ሲስቁ ካየኋቸው ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖኝ ነበር። ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«ቃሌን አጥፌ ልጄ ቢሞትስ፣ አባ?»

«ቢመጣስ?» አሉ መምሬ። ከዚያ መቋሚያቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «ይኼ በሩ ላይ የቆመው ማነው?»

እትዬ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «ግር...» ብለው አቆሙ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ደግመው አዩኝ። ስሜ አልመጣላቸውም። እያዩኝ ማልቀስ ጀመሩ።

«ልጅሽ መጥቶ በሩን ሲያንኳኳ ማን ብለሽ ነው የምትከፍቺለት?» አሉ መምሬ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እትዬ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ስለቱስ? ሜዳ ላይ ይቅር?» አሉ እትዬ በመጨረሻ።

«እኔ እይዝልሻለሁ። ልጁ እስኪመለስ ቅቤ አልቀምስም። አንቺ ብዪ። ፀበሉንም በልተሽ ትጠጪዋለሽ።»

እኔ እዚያው በሩ ላይ ሆኜ ነገሩ ገባኝ። በሳምንት ስድስት እንቁላል የምትገዛ አንዲት ጡረተኛ አገኘሁ፤ የሠፈሩን አንደኛ ቅቤ ገዢ አጣሁ። ዘነበችም ሳይገባት አልቀረም፤ ቀና ብላ አየችኝና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። እንቁላሉንም ከእኔ ገዛች።

ለውጡ በአንድ ቀን አልመጣም። መርፌው ለሳምንታት ቀጠለ። ጠዋት እንቁላል፣ ማታ ወተት ሆነ። መጀመሪያ ፊታቸው ላይ ደም ተመለሰ። ከዚያ ካርዳቸውን የት እንዳስቀመጡ ማወቅ ጀመሩ። እግራቸው ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ እስከ መጨረሻው ድረስ በከዘራ ሄዱ።

በሦስተኛው ወር ግድም፣ አንድ ቅዳሜ፣ ከዘራቸውን እያስቀደሙ መጡ። እንቁላል አነሱ፣ ወደ ፀሐይ አቀኑ። ከሥር አንድ የቆየ ደብቄ ነበር። በዚያ ቀን እንኳ ልማዴ አልለቀቀኝም። ሦስተኛው ላይ ያዙኝ።

«ይኼን ለማያውቅ ሽጥ፣ ሸምሱ።»

ስሜን ስሰማ የቆየውን እንቁላል ራሴ ወደ ጎን አደረግኩት። እሳቸው ግን አልጨረሱም። ከነጠላቸው ሥር አንድ ከረጢት አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት። ምስር ነው። ግማሹ ይንቀሳቀሳል።

«ይኼ ደግሞ ከዕቃ ቤቴ ተገኘ። ለታመመች አሮጊት ይኼን የሚሰፍር ሰው በሠፈሩ ካንተ ሌላ አላውቅም።»

«እትዬ፣ ያኔ መታመምዎን አላወቅኩም» አልኩ።

«አልታመሙም ብለህ ነው ነቀዝ የሰጠኸኝ? ቀይር!»

ቀየርኩ። ከምስሬ ምርጡን ሰፈርኩላቸው፤ ጣሳውን ከፍ ከፍ አድርጌ ሞላሁት። እሳቸው ግን እሱንም በመዳፋቸው ዘርግተው አንድ ጠጠር አገኙበት። በነጋዴነት ዕድሜዬ የተመለሰ ዕቃ ደስ ብሎኝ የተቀበልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

የግርማን ነገር ትጠይቁኝ ይሆናል። ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ መምሬ ይፍሩ ሱቄ መጥተው ሁለት ኪሎ ቅቤ ስጠኝ አሉ። ሌላ ምንም አልተናገሩም። እኔም አልጠየቅኩም። ቅቤውን አስረክቤ ሱቄን ዘጋሁና ወደ እትዬ ቤት ሄድኩ። ልጁ ከስቶ፣ አንድ እጁን በጨርቅ አንጠልጥሎ፣ እደጃፉ ተቀምጦ ነበር። እናቱ ከውስጥ በስሙ ይጠሩታል። ሳይሳሳቱ።

አሁን እኔ ራሴ እሳቸው ያኔ የነበሩበት ዕድሜ ላይ ደርሻለሁ። የሚረሳ ሰው ሁሉ እንቁላል ቢበላ ይድናል አልልም፤ በልተውም የረሱ አውቃለሁ። ጾምም አልነቅፍም፤ እኔም ረመዳንን እጾማለሁ፣ የታመመ ግን ይበላል። እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ሌላ ነው። የሚበሉትን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ሆኜ ሳለ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የታየኝ የሄደብኝ ገበያ ብቻ ነበር።

ልጆቼ ገበያ ወጥቼ ከነጋዴ ጋር ስጨቃጨቅ ያፍሩብኛል። «አባባ፣ ተዋቸው፤ ዝም ብለህ ግዛ» ይሉኛል። ዝም ብዬ የገዛሁ ቀን ሐኪም ቤት ውሰዱኝ ብያቸዋለሁ።