ያልተነፋው ጥሩምባ

ባለፈው ሳምንት ከሳሪስ ወደ አቃቂ በሚኒባስ ስመለስ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች ስለ አገር መሪ ይከራከሩ ነበር። አንዱ ይውረድ ይላል፤ ሌላው «ይውረድ እሺ፤ በእሱ ቦታ ማንን ልታመጣ ነው?» እያለ ያፋጥጠዋል። ቃሊቲ ስንደርስ ድምፃቸው ከረዳቱ ድምፅ በልጦ ነበር። በመጨረሻ አንደኛው ዞሮ «ማዘር፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» አለኝ። ያልሰማሁ መስዬ የቲማቲም ፌስታሌን ማስተካከል ጀመርኩ። በዚህ ጉዳይ አንድ ጊዜ ፈርጄ አውቃለሁ፤ ፍርዴ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አቃቂ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ክር መፍተያ ክፍል እሠራ ነበር፤ ቤት ስገባ ፀጉሬ ላይ የተጣበቀውን የጥጥ ብናኝ እናቴ እየለቀመች ትቆጣኛለች። የእጅ ጽሑፏ ያምራል ተብዬ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ሆኜ ነበር። የአባላቱን መዝገብ የምይዘው፣ ስብሰባ ላይ ስም የምጠራው፣ ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፊውን የምልከው እኔ ነኝ። በእኛ እድር ጸሐፊዋ ሳትልክ ጥሩምባ አይነፋም፤ ጥሩምባ ካልተነፋ ደግሞ ድንኳኑ ከመጋዘን አይወጣም። ይህ ሁሉ በእጄ መሆኑ ልቤን ሳያሳብጠው አልቀረም።

የእድሩ ሊቀመንበር ጋሼ መኩሪያ የሚባሉ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነበሩ። በበጋ እንኳ ካፖርታቸውን አያወልቁም። ለቅሶ ሲኖር ሊቀመንበር ነኝ ብለው ወንበር ላይ አይቀመጡም፤ ከጎረምሶቹ ጋር የድንኳን ምሰሶ ይሸከማሉ። ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ልጅ ሳለሁ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት በአጥር ላይ ታቀብለኝ ነበር።

ከዚያ ያ የምርጫ ዓመት መጣ። ሻይ ቤቱ፣ ሥጋ ቤቱ፣ የፋብሪካው ሰርቪስ ሳይቀር በፖለቲካ ተሞላ። ጋሼ መኩሪያ ሥልጣን ላይ ያለው ይቀጥል ባይ ነበሩ፤ አይደብቁም። «እሺ፣ ይውረድ። ማን ይተካው? ስም ጥሩልኝ» አሉን አንድ እሑድ። ሦስት ወጣቶች ነበርን፤ ሦስት የተለያየ ስም ጠራን፤ ከዚያም የእኔ ይሻላል፣ የእኔ ይሻላል እያልን እርስ በርሳችን ተጨቃጨቅን። ጋሼ ቆሏቸውን እየቆረጠሙ ከልባቸው ሳቁ። ያ ሳቅ አንጀቴን አሳረረው። ዛሬ ሳስበው የንቀት ሳቅ አልነበረም፤ አያት በልጅ ልጁ የሚስቀው ዓይነት ነበር። በሃያ ሦስት ዓመት ግን ይህ አይገባም።

መጋቢት ላይ ጭቅጭቁ እድሩ ስብሰባ ገባ። «የእነሱ ደጋፊ ሊመራን አይገባም» የሚል ተነሳ፤ እጅ ይውጣ ተባለ። ቀድመው እጃቸውን ካወጡት አንዷ እኔ ነበርኩ። ጋሼ የመጋዘኑን ቁልፍ ከካፖርታቸው ኪስ አውጥተው ለአዲሱ ሊቀመንበር ሰጡና «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወጡ። ከዚያ በኋላ ስብሰባ መጥተው አያውቁም።

በእድራችን መተዳደሪያ ደንብ ላይ ሦስት ተከታታይ ስብሰባ የቀረ ይሰረዛል የሚል አንቀጽ ነበር። ማንም ላይ ሠርቶ አያውቅም። ለምሳሌ አሊ የሚባል የወሎ ልጅ ጎረቤት ነበረን፤ የጂቡቲ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ግማሽ ዓመት ቢቀር ምንም የሚለው የለም። ሰኔ ላይ ግን ቀይ እስክሪብቶ አነሳሁና የጋሼ መኩሪያን ስም ሰረዝኩ። ማንም አላዘዘኝም። ለአዲሱ ሊቀመንበር ስነግረው «ደንብ ነው» ብሎ አለፈው። ለጋሼ የነገራቸው የለም።

ነሐሴ ውስጥ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ባባራበት ማለዳ፣ በራችን ተንኳኳ። ጋሼ ናቸው። ካፖርታቸው ረጥቧል፤ ጫማቸው ጭቃ ብቻ ነው።

«ልጄ፣ ብርቄ አረፈች። ጥሩምባውን ላኪልኝ።»

አዘንኩ፤ እውነቴን ነው፣ አዘንኩ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ከመዝገብ ተሰርዘዋል።»

«ማን ሰረዘኝ?»

«ደንቡ ነው።»

እለምናታለሁ ብለው የመጡ አይመስሉም ነበር። «እሺ፣ ልጄ» አሉና ሄዱ። ሲወጡ ውሻችን እንዳይወጣ የግቢውን በር በቀስታ መልሰው ዘጉልን።

እናቴ ከጓዳ ሰምታ ወጣች። «ምን አልሻቸው? አሁኑኑ ሄደሽ ጥሩምባውን አስነፊ!»

«ሊቀመንበሩን ሳልጠይቅ አልችልም።»

የሊቀመንበሩ ቤት ከእኛ ሦስተኛው በር ነው። አልጠየቅኩም። ሥራ ረፍዶብኛል ብዬ ሰርቪስ ለመያዝ ወጣሁ። እናቴ የንፍሮ ስንዴና ሽንብራ ጥዳ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ነበር።

ማታ ስመለስ በእነ ጋሼ ደጅ አለፍኩ። ድንኳን የለም። አሊ የመኪናውን ሸራ ፈትቶ በአጥሩና በባሕር ዛፉ መካከል ወጥሮላቸዋል፤ ከሥሩ ጥቂት ሰዎች ተኮራምተው ተቀምጠዋል። ያንን ሸራ ሳይ አንገቴን ደፍቼ ፈጠን አልኩ። «አሥራ አንድ ሰው ቀበራት» አለች እናቴ፣ ፊቷን ወደ ምድጃው እንዳዞረች። ብዙው ጎረቤት ጥሩምባ ስላልሰማ አላወቀም ነበር። ማግስቱን ሰምተው ደረታቸውን እየመቱ የሄዱ ብዙ ናቸው፤ እሷ ግን ተቀብራለች።

ምርጫው አለፈ። እኔ ስሙን የጠራሁት ሰው፣ ሌሎቹ ከጠሯቸው ጋር ተጣልቶ ተለያየ። አዲሱ ሊቀመንበርም ቤቱን ሸጦ ከሰፈር ወጣ። እኔም መዝገቡን አስረከብኩ፤ ቀይዋ መስመር ግን ከነውበቷ እዚያው ቀረች።

ከዓመታት በኋላ እናቴ ስትሞት ጥሩምባው ተነፋ፣ ድንኳኑ ቆመ። ጋሼ መኩሪያ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡና ዳር አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ቢቀሩ የሚጠይቃቸው እድር የለም። ጉልበታቸው ላይ ወድቄ «ጋሼ፣ ያኔ…» ስል እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ።

«እኔ የመጣሁት ለእናትሽ ነው» አሉ፣ ሳይቆጡ። «እሷ መጥታልኝ ነበር።»

ከዚያ ንፍሯቸውን ዘገኑ። ይቅርታ የምጠይቅባቸው ብዙ ቀኖች ከዚያ ወዲያ ነበሩኝ፤ አንዱንም ሳልጠቀምበት ጋሼ ዓምና አረፉ።

ሚኒባሱ አቃቂ ሲደርስ ወጣቶቹ ከእኔ ጋር ወረዱ። «ማዘር፣ ሳይፈርዱን እኮ!» አለኝ ያው ልጅ እየሳቀ።

«ሰፈራችሁ የት ነው?» አልኩት።

«አጥር ለአጥር ነን።»

«እናቶቻችሁ ደህና ናቸው?»

ተያዩ። ጥያቄው ግራ እንደገባቸው ያስታውቃል። «ደህና ናቸው» አሉ፣ ሁለቱም አንድ ላይ።

ሁሉንም ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር፤ አፍሬ ተውኩት። ፌስታሌን አንጠልጥዬ መንገዴን ቀጠልኩ። ጋሼ ባይኖሩም በደጃቸው ማለፍ አይሆንልኝም፤ ያን ቀንም በረጅሙ መንገድ ዞሬ ቤቴ ገባሁ።