ባሕሩ ያልተነገረበት መስቀል

ልጅ ሳለሁ ተረት ነጋሪ ቤታችን ሲመጣ ሌላው ልጅ ጆሮውን ይዞ ይጠጋል፣ እኔ ግን ዓይኔን ይዤ ነበር የምጠጋው። ሰውዬው ከሚያወራው ይልቅ ሲያወራ ማንን እንደሚያይ ነበር የምከታተለው። ይሄን ከማን እንደወረስኩት አላውቅም፤ እናቴ «ይቺ ልጅ ስትወለድም አዋላጇን በጥርጣሬ ነው ያየቻት» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

አሁን አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ ግንባታ ላይ ነው የምሠራው። አሸዋ በባሬላ እሸከማለሁ፣ ሲሚንቶ አቦካለሁ። ትምህርቱን አምስተኛ ክፍል ላይ ነው የተውኩት። አመሻሽ ላይ ወገቤን ይዤ ደጃፍ ስቀመጥ፣ ጎረቤት ከሰል ሲያያይዝ ጭሱ ከሸተተኝ፣ ያ የአጎቴ ድምፅ ይመጣብኛል።

አጎቴ ማዳልቾ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። አዲስ አበባ ሸማኔ ነበር፤ በዓመት አንዴ ለመስቀል ወደ ዶርዜ ይመጣል። እኛ ቤት ወንጌል አማኞች ነን፣ ግን መስቀል ለጋሞ ሰው መስቀል ነው፤ የወጣው ሁሉ የሚገባበት ነው። ያኔ ቤታችን ውስጥ ኩራዝ የሚበራው እንግዳ ሲኖር ብቻ ስለነበር፣ የአጎቴ መምጣት ለኔና ለወንድሜ ለበረከት የብርሃን መምጣት ነበር። እሳቱ መሃል ላይ ይነዳል፣ ጭሱ በቀርከሃው ግድግዳ መሃል መውጫ እየፈለገ ቀስ ብሎ ይሾልካል፣ እናቴ ጥግ ላይ ጥጥ ትፈትላለች፣ እንዝርቷ መሬት ላይ ትሽከረከራለች፣ አጎቴም እግሩን ወደ እሳቱ ዘርግቶ የሙሴን ይጀምራል።

እውነቱን ለመናገር እሱን የሚያህል ነጋሪ እስካሁን አልሰማሁም። እግዚአብሔር እንቁራሪቶችን ሲጠራ አጎቴ መሬቱን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ ያመጣቸዋል፤ በረከት እግሩን ይሰበስባል። ዝንብ ሲጠራ በአፍንጫው ዝዝዝ ያሰኘዋል። በረዶ ሲጠራ ከቋቱ ገብስ ይዘግንና ጣሪያውን የሠራው ቀርከሃ ላይ ይበትነዋል፤ እናቴ «አይ፣ ገብሴን» ትላለች። ጨለማው ሲመጣ ደግሞ ኩራዙን እፍ ብሎ ያጠፋዋል። «አየህ በረከት፣ ጨለማም ሲጠሩት ይመጣል። ውሃም፣ ነፋስም፣ ቅማልም አንዴ ከተጠሩ አቤት ነው የሚሉት። ደጋግሞ መጥራት ያስፈለገው ሰውን ብቻ ነው፤ ፈርዖንን።»

አንድ መስቀል፣ በዚያ ጨለማ ውስጥ በረከት እጄን ጨምቆ ይዞኝ ሳለ፣ እኔ በፍሙ ብርሃን አጎቴን አየሁት። የበረከትን ጣቶች ነበር የሚያየው። ያኔ ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ አስተያየቱ ግን አባቴ ገበያ ላይ የወይፈን ጥርስ ሲያይ ዓይነት ነበር።

በማግስቱ ከቤት በላይ ካለው ጉብታ ላይ ወጣን። ከዚያ ሆነህ ስታይ ሁለቱ ሐይቆች ከታች ተዘርግተዋል፤ ጫሞ ሰማያዊ፣ አባያ ቀላ ያለ፣ መሃላቸው ላይ ያ የእግዜር ድልድይ የሚባለው ደረቅ መሬት። በረከት አፉን ከፍቶ አየና «አጎቴ፣ ሙሴ የተሻገረው እዚያ ነው?» አለው። ቀይ ውሃ አለ፣ ግራና ቀኝ ባሕር አለ፣ መሃሉ ደረቅ ነው፤ ምን ይጎድለዋል?

አጎቴ አዎ አላለም። አይደለምም አላለም። በረከትን ትከሻው ላይ አቅፎ ፈገግ አለ።

«ታዲያ ግብፅ የትኛው ነው?» አልኩት እኔ። «የኛ ወገን ነው ወይስ የወዲያኛው?»

«አንቺ ፖሊስ ነሽ እንዴ?» አለኝ።

ከዚያ ጀምሮ ፖሊሷ ሆኜ ቀረሁ። በረከት ግን መልሱን ራሱ አገኘው። «ግብፅ እዚህ ነው» አለኝ ቤት ስንገባ፣ «ጭቃ የሚረገጠው እዚህ አይደል?» ፈርዖንስ ማን ነው ስለው፣ ትንሽ አሰበና «ፍየል ጠብቅ የሚለኝ ሁሉ» አለ። ግብፅን ካርታ ላይ ያየሁት ቆይቶ ነው፤ አስተማሪያችን በዱላው ጫፍ ከዓባይ መጨረሻ ላይ ሲነካው መጀመሪያ የመጣብኝ የአጎቴ ፈገግታ ነው። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ይሄን አያውቅም?

በዚያው ቀን ማታ፣ ገና ቆጮውን እየበላን፣ አጎቴ የመጣበትን ተናገረ። «በረከትን ስጡኝ። ትምህርት ቤት አስገባዋለሁ፣ ከትምህርት ሲመለስ ሸማውን ይለማመዳል። እዚህ ምን አለው?» ያን ዓመት በረዶ ገብሳችንን መትቶት ነበር፤ የምር በረዶ፣ አጎቴ ከቋት የዘገነው ዓይነት አይደለም። እናቴ እንዝርቷን አየች። አባቴ ጉንጩ ውስጥ ያለውን ዋጠና «እስቲ የጀመርከውን ጨርስ፤ ስትጨርስ እነግርሃለሁ» አለ።

እንግዲህ ተረቱ ሲያልቅ ወንድሜ ይሄዳል ወይም አይሄድም። በረከት ቶሎ እንዲያልቅለት ይፈልጋል፤ ልብሱን ሁሉ አጥፎ ትራሱ ሥር አስቀምጧል። እኔ እንዳያልቅ እፈልጋለሁ። በየመሃሉ እጠይቃለሁ፤ እንቁራሪቶቹ ሲሞቱ ማን ጠረጋቸው፣ ጨለማው የእስራኤልን ቤት እንዴት አውቆ ዘለለው፣ እያልኩ። አጎቴ «ይቺን ልጅ አስተኙልኝ» ይላል፣ አባቴ «ተዋት፣ ትጠይቅ» ይላል።

ባሕሩ ሊከፈል አንድ ማታ ሲቀረው፣ አጎቴ ስለ ሙሴና ስለ ፈርዖን ክርክር ነገረን። ሁለቱንም ሆኖ ነው የሚጫወተው። ፈርዖን ሲሆን ጋቢውን ወደ ኋላ ጥሎ ሆዱን ይነፋል፤ «እሺ ሂዱ፣ ግን ወንዶቹ ብቻ። ልጆቻችሁ እዚሁ ይቀመጡ።» ሙሴ ሲሆን ተነስቶ ይቆማል፤ ጭሱ ፊቱን ይሸፍነዋል። «ልጁም ሽማግሌውም አብሮን ይወጣል። በጉም ላሙም። አንዲት ሰኮና እዚህ አትቀርም።»

«አንዲትም?» አለ አባቴ።

«አንዲትም» አለ አጎቴ፣ ጨዋታው ጥሞት።

አባቴ እሳቱ ላይ እንጨት ጨመረ። «እንግዲያው እኛም እንወጣለን ማለት ነው። ከበረከት ጋር። እናትየውም፣ ይቺ ፖሊስም፣ ላሟም አለች።»

አጎቴ ሳቀ። ሲስቅ ብቻውን መሆኑን ዘግይቶ ነው ያወቀው። «ወንድሜ፣ ቤቴ እኮ ጠባብ ናት። አንድ ልጅ ነው የምትይዘው።»

«አንተው ነህ የነገርከን» አለ አባቴ፣ ድምፁን ሳይጨምር። «ልጅን ከወላጅ ለይቶ ማስቀመጥ የፈለገው ፈርዖን ነው።»

የእናቴ እንዝርት መሬት ላይ ወድቃ ተንከባለለች፤ ማንም አላነሳትም። አጎቴ ተቀመጠ፣ ጋቢውን እስከ ጆሮው ሳበ። «ተረት እኮ ነው» አለ።

«የእግዚአብሔር ቃል ነው ስትለን ነበር» አለች እናቴ። እስከዚያ ማታ ድረስ በበረከት ነገር አንድም ቃል አልጨመረችም ነበር።

ባሕሩ አልተነገረም። ጠዋት ስንነሳ አጎቴ የለም፤ መደቡ ላይ የተኛበት ሰሌን ተጠቅልሎ ቆሟል። ጉብታው ላይ ሮጠን ስንወጣ በጉሙ ውስጥ ወደ መኪና መንገዱ ሲወርድ አየነው፤ ከጎኑ ትንሽ ልጅ አለ፣ ፌስታል ይዞ። ምህረቱ ነበር፣ የጎረቤታችን ልጅ። አባቱ ሞቷል፣ እናቱ ብቻዋን ናት፤ እሷ ቤት ፈርዖንንም ሙሴንም ሆኖ አልተጫወተም መሰለኝ። በረከት መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። «የኔ ቦታ ነበር» አለ። ለብዙ ጊዜ አባቴን በሌለበት ፈርዖን ነበር የሚለው፤ እኔን ደግሞ የፈርዖን ፖሊስ።

አጎቴ ከዚያ በኋላ ለመስቀል አልመጣም። ምህረቱም አልመጣም። እናቱ ስትጠየቅ «እየተማረ ነው» ትላለች፤ ቀስ በቀስ የሚጠይቃትም ጠፋ።

አምና ነው። ሳይት ላይ አዲስ የቀን ሠራተኛ መጣና ባሬላውን ከኋላዬ ያዘ። ቀጭን ነው፣ አንገቱን ወደ ፊት ደፍቶ ነው የሚሄደው። ለምሳ ጥላ ስር ስንቀመጥ ደጋግሞ አየኝና «አንቺ ፖሊሷ አይደለሽም?» አለኝ። እንዲያ ብሎ የሚጠራኝ ሰው ከሠፈራችን ውጪ የለም። ምህረቱ ነው።

ቀስ እያለ ነው የነገረኝ፣ ሙዝ እየላጠ። አዲስ አበባ የደረሱት አመሻሽ ላይ ነው፤ ልጆች የሞሉበት ክፍል ነበር፣ ሁሉም እግራቸውን ከሸማ መሥሪያው ሥር በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ አድርገው ይሸምናሉ። «አጎትሽ በሩን ዘጋና ‹ባሕሩን ተሻግራችኋል› አለን። ከዚያ በኋላ አንድም ተረት አላወራልንም።» የትምህርት ቤት ነገር፣ ከግቢው ውጪ ሲደወል ደወሉን ብቻ ነው የሰማው።

«እንዴት ወጣህ ታዲያ?»

«እግዚአብሔር አወጣኝ።»

ይሄን ቃል ከሰው አፍ ስሰማ መጀመሪያ የማየው ዓይኑን ነው። ሳየው አወቀብኝና ሳቀብኝ። «ፖሊስነቱ አሁንም አለቀቀሽም? አጎትሽ አንድ ቀን በሩን ሳይቆልፍ ሄደ። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ረስቶ አያውቅም። ማን አስረሳው ታዲያ? እኔ ነኝ?»

«ስንት ሆናችሁ ወጣችሁ?» አልኩት። ማወቅ የምፈልገው ይሄን ነበር።

የሙዙን ልጣጭ እጁ ላይ ጠቀለለው። «ሁላችንም ተነሳን። ትንሹን አዝዬው ነበር። አንዱ ግን በሩ ጋ ሲደርስ ፈራ። ና ብንለው፣ ብንለምነው፣ ወደ ጉድጓዱ ተመልሶ ገባ። መጠበቅ አልቻልንም።» ከዚያ ፎርማኑ ጮኸና ተነሳን፤ ባሬላውን እሱ ከፊት እኔ ከኋላ ይዘን ሄድን።

እሱን አመንኩት። ለምን እንደሆነ ራሴን ስጠይቅ፣ የቀረውን ልጅ ስላልደበቀብኝ ይመስለኛል። አጎቴ እንቁራሪቱንም በረዶውንም ጨለማውንም አምጥቶ አሳይቶኛል፣ አላመንኩትም። ውሃና ነፋስ የሚታዘዝለት አምላክ እንዳለ ግን አንድም ቀን ተጠራጥሬ አላውቅም፤ የምጠራጠረው በስሙ የሚጠራኝን ነው። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስለ ባሕሩ ሲዘመር ሰው ሁሉ እጁን ያነሳል። እኔ ያን ጊዜ የማላውቀውን ልጅ፣ በሩ ጋ ደርሶ የተመለሰውን፣ አስባለሁ። ውሃው እሱ ሳይሻገር እንዳይዘጋ ነው የምጸልየው።