ዘውዴ ያዘዘው አናናስ

ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ባሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ሁሉ ዘውዴ ሜኑ ተቀብሎ አያውቅም። ሃያ ዓመት ሙሉ ገና ወንበር ሳይስብ ለገበታው ሁሉ ያዝዛል። ማን ምን እንዳማረው መጠየቅ በእሱ ዘንድ ሥልጣንን ለሰፊው ሕዝብ ማስረከብ ነው። ክትፎ ያማረው ጥብስ ይደርሰዋል፣ ጥብስ ያማረው ምስር ይበላል፣ ሁሉም አመስግኖ ይነሣል። ዌስተን ሰፈር የሚኖር፣ የፎቆች ሊፍት የሚጠግን ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን እንደ አምባገነን ሁሉ ደግነት ተቃውሞ አይወድም።

የዚያ ዐርብ ገበታ ግን የዋዛ አልነበረም። ልጁ ፅዮን ማቲ የሚባል ወጣት ልታገባ አስባለች፤ የማቲ እናት ወይዘሮ ቦጋለች ደግሞ የልጅቷን ወገን በዓይኔ ሳላይ ሽማግሌ አልልክም ብለዋል። ሽማግሌ ካልተላከ ሠርግ የለም።

ልጆቹ የመረጡት ቦታ አዲስ የሜክሲኮ ምግብ ቤት ነው። ግድግዳው ሐምራዊ፣ ሙዚቃው ጆሮ የሚበሳ፣ ወንበሩ ለመቀመጥ ሳይሆን ፎቶ ለመነሣት የተሠራ። ቀኑን የመረጡት ደግሞ ማቲ ኦፍ የሚሆንበትን አይተው እንጂ ጾሙን አስበው አይደለም። ወይዘሮ ቦጋለች ረቡዕና ዐርብን ገድፈው አያውቁም። ዘውዴ ዐርብ መሆኑ ትዝ የሚለው ቅዳሜ ሥራ ስለማይገባ ብቻ ነው። እሱን የምትገታ አንዲት ሰው ሚስቱ የሻሽወርቅ ነበረች፤ እሷም የሥራ ሽፍት ላይ ነች።

አስተናጋጇ ሜኑ ስታድል ዘውዴ አራቱንም ሰብስቦ በክንዱ ሥር አደረጋቸው። የማይበሉት ነገር አለ ወይ ብላ ብትጠይቅ፣ ኖ ፕሮብለም አላት።

«ዳዲ፣ ፕሊስ፣ አስተናጋጇን ብንጠይቃት» አለች ፅዮን።

«ምግብ ለማዘዝ አስተርጓሚ አልፈልግም።»

አንዱን ሜኑ መዝዞ ቢገልጥም አንድ ቃል አላነበበም፤ ሥዕል አየ። አንዱ ሥዕል ላይ አናናስ አለ። አናናስ ፍሬ ነው፣ ፍሬ ጾም ነው፤ እንዲህ ያለ ድምዳሜ ላይ ለመድረስ ጉባኤ መጥራት አያስፈልግም። ለወይዘሮ ቦጋለች የሚሆነውን አገኘሁ ብሎ፣ ባለ አናናሱን ለአራት ሰው አዘዘ።

ትሪው ሲመጣ አስተናጋጇ በኩራት አስረዳች፦ በቅመም ተዘፍዝፎ እሳት ዳር ሲሽከረከር የዋለ፣ ከላዩ አናናስ ጣል የተደረገበት የአሳማ ሥጋ። በዐርብ ቀን፣ ያውም አሳማ። ማቲ ጣሪያውን ማጥናት ጀመረ። ወይዘሮ ቦጋለች እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ ነጠላቸው ሰበሰቡና፣

«ግዴለም፣ እኔ እንኳ ጠግቤ ነው የመጣሁት» አሉ።

ሐበሻ ሁሉ ይህን ዐረፍተ ነገር ያውቀዋል። ማኅተም ያረፈበት ፍርድ ነው፤ ይግባኝ የለውም። ተርቦ የሄደ እንግዳ ሽማግሌ አይልክም።

ዘውዴ እንደ ማንኛውም የተሸነፈ መንግሥት በመጀመሪያ የውጭ ጠላት ፈለገ። አስተናጋጇን ሊከስ አፉን ከፈተ። ከዚያ ፅዮን ላይ ዓይኑ አረፈ፤ ልጅቷ አንገቷን ደፍታ የወረቀት ናፕኪን ትቀዳድዳለች። አፉን ዘጋ። ሜኑዎቹን ከክንዱ ሥር አውጥቶ ለአስተናጋጇ መለሰላትና፣ በሃያ ዓመት ውስጥ ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ነገር ተናገረ።

«ይህን ምግብ አላውቀውም። እሳቸው ጾመኛ ናቸው። ምን ይሻላል?»

አስተናጋጇ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ወተት? አይሆንም። ዕንቁላል? አይሆንም። ዘውዴ እያንዳንዱን ጥያቄ ወደ ወይዘሮ ቦጋለች እያዞረ፣ መልሳቸውን እንደ ታዛዥ ጸሐፊ ያቀብል ጀመር። ባቄላው እንኳ የሚጠበሰው በአሳማ ስብ መሆኑን ነገረቻቸውና በዘይት እንዲሠራ አዘዘችላቸው። ቆየት ብሎ ትኩስ የበቆሎ ቂጣ፣ ጥቁር ባቄላ፣ በሎሚና በሽንኩርት የተፈጨ አቮካዶ፣ የተጠበሰ እንጉዳይና በቀጭኑ የተቆረጠ አንድ አረንጓዴ ነገር መጣ።

ወይዘሮ ቦጋለች አረንጓዴውን አንሥተው አገላበጡት። «አቶ ዘውዴ፣ ይኼ የእሾሃሙ በለስ ቅጠል አይደለም እንዴ?»

«ነው አሉኝ።»

«እኛ አገር እኮ ከብት እንዳይገባ የምናጥርበት ነው።»

ዘውዴ ለልጁ አማት አጥር ያበላ የመጀመሪያው ሰው መሆኑን ተረዳ። ወይዘሮዋ ቀመሱ፤ አላመጡ፤ ደገሙ።

«ወይ ጉድ፣ ለካ ራታችንን ዙሪያችንን ተክለን ነው ጦማችንን ስናድር የኖርነው» አሉና እንባቸው እስኪፈስ ሣቁ።

ከዚያ ወዲያ ገበታው የእሳቸው ሆነ። ባቄላውን በእንጉዳይ፣ እንጉዳዩን በአቮካዶ እየቀላቀሉ ማቲንና ፅዮንን አጎረሱ። ለዘውዴ ሲደርሱ ቂጣውን አስተናጋጇ ተጠንቀቁት ካለችው ቀይ ማባያ ውስጥ ድፍን አድርገው ነከሩት።

«አፍዎን ይክፈቱ።»

ከፈተ። ሚጥሚጣ ለዚህ ነገር ውኃ ቀጂው ነው። ጆሮው ጋለ፣ ዓይኑ ፈሰሰ፤ ውኃ ፍለጋ እጁን ሲዘረጋ ሁለተኛው ጉርሻ ከፊቱ ተደቅኗል። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና እምቢ ማለት አይቻልም። ዋጠው።

«ሽማግሌዎቹ የፊታችን እሑድ ቢመጡ ይመቻችኋል?» አሉ ወይዘሮ ቦጋለች።

ስለ ሁሉም ሲናገር የኖረው ሰው ምላሱን ቢፈልግ አጣው። በጣቱ ወደ ልጁ አመለከተ።

«ይመቸናል» አለች ፅዮን፤ ሌላ ትሪ በለስም ራሷ አዘዘች።