ቦርድ ይፈልግሃል ሲሉኝ ቁጭ ብድግ አልኩ

ስልኩን ይዞ የሚጽፈው አማቼ ዳንኤል ነው፤ ቃሉ ግን የኔ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ አላፍርበትምም። እሱ ከካዚኖው ወጥ ቤት ሺፍቱን ጨርሶ መጥቶ ዓይኑ እየተከደነ ነው፤ ይታገሰኛል። አንዲት ቃል እንዳትጨምር ብዬዋለሁ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ዓርብ ጠዋት... ሰባተኛው ቀዳዳ ጋ በጉልበቴ ተንበርክኬ መሬቱን በካቻቪቴ እየወጋሁ ነበር። የከተማው ጎልፍ ሜዳ ላይ ሳር እንከባከባለሁ፤ ቀዳዳ የምለው ኳሷ የምትገባበትን ነው። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ በዚህ ሰው አገር አሥራ ሁለት ዓመት ስሠራ አንድ ቀን አርፍጄ አላውቅም። አለቃዬ ራሞን በጋሪው መጣ፤ ማስኩን ወደ አገጩ አወረደና በእንግሊዝኛ ብዙ አወራ። ከዚያ ሁሉ ወሬ የያዝኩት ሁለት ነገር ነው። ማክሰኞ... ቦርድ።

ካቻቪቴው ከእጄ ወደቀ።

በኛ ጊዜ ወታደር የነበረ ሰው ቦርድ ምን እንደሆነ ያውቃል። ለማያውቅ ልንገር። ግራ እግሬን ከቆሰልኩ በኋላ ሦስት ሐኪሞች ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠው «ቁጭ በል፣ ተነሳ» አሉኝ። አንድ ወረቀት ጻፉና ሰጡኝ። እኔ የእረፍት ፈቃድ መስሎኝ ሳምንት ሙሉ በደረት ኪሴ ይዤው ዞርኩ። ወደ ጦር ክፍሌ ስመለስ ያነበበልኝ የበር ዘበኛው ነው። «አንተ እኮ በቦርድ ተሰናብተሃል» አለኝ። ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር።

ስለዚህ ለማንም አልተነፈስኩም። ልጄ ብትሰማ «ደግ አደረጉ፣ ይረፉ አባባ» ትላለች። ማረፍ የሚሉትን ነገር አልወድም። አራት ቀን መቀመጥም መተኛትም አቃተኝ። ጓሮ እየወጣሁ ቁጭ ብድግ እለማመዳለሁ። ሎን ማውንቴን የሚሉት ተራራ ከአጥሩ በላይ ቁልቁል ያየኛል፤ ጉልበቴ ይንቋቋል፤ እኔ እቆጥራለሁ።

ዳንኤል በመስኮት አየኝ። «አባባ፣ ስፖርት ጀመሩ እንዴ?»

«ማክሰኞ ሺፍትህን ቀይርና አድርሰኝ፤ ታስተረጉምልኛለህ።»

«ምን አለ?»

«የራሴ ጉዳይ አለ።»

«እንግዲያው እጸልይበታለሁ። ጌታ ጉዳዩን ያውቃል።»

«ጌታማ ያውቃል። ሰዎቹ ናቸው የማያውቁት» አልኩት።

ማክሰኞ ጫማዬን ወልውዬ ሄድኩ። የሜዳው አዳራሽ ውስጥ በኮሮናው ምክንያት ወንበሩ ሁሉ ተራርቋል። አምስት ሰዎች ማስክ አድርገው ከረጅም ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል። ያው ጠረጴዛ መሰለኝ... ባሕር ተሻግሮ የተከተለኝ። መሃል ያለችው ሽበታም ሴትዮ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ዳንኤል አፉን ሳይከፍት ቀደምኩት።

ተነሳሁ። ቁጭ አልኩ... ብድግ አልኩ... ቁጭ... ብድግ። አምስት ጊዜ። ከዚያ ሁለት እጄን ወደ ላይ ዘረጋሁና በግራ እግሬ ብቻ ቆምኩ። የቆሰለው እሱ ነው፣ ይዩት ብዬ።

ራሞን ግድግዳው ጋ ቆሞ ግንባሩን ያዘ።

«አባባ...» አለኝ ዳንኤል በሹክሹክታ፤ «ምን እያደረጉ ነው?»

«እግሬን እያሳየሁ ነዋ።»

«ማን ጠየቀዎት? ሴትዮዋ ያለችው እኮ ሰባተኛው ቀዳዳ ላይ ሳሩ ለምን እንደሚደርቅ ይንገሩን ነው።»

ላብ በጀርባዬ ወረደ። ያነሳሁትን እግሬን ግን ወዲያው አላወረድኩትም፤ ከጀመርኩ አይቀር። «መጀመሪያ ይህን ጠይቅልኝ» አልኩት፤ «ሊያሰናብቱኝ ነው ወይስ አይደለም?»

ጠየቀልኝ። ሴትዮዋ ልትስቅ ብላ ፊቴን አየችና ተወችው። ለካ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። አጠገቧ ያለው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነው።

«እኛ እዚሁ የምንኖር ሰዎች ነን» አለች። «መቅጠርም ማሰናበትም አንችልም። ሜዳው እንዴት እንደተያዘ እንጠይቃለን፣ የሰዉን ቅሬታ እንሰማለን፣ ከዚያ ለከተማው ምክር እንሰጣለን። ከፈለገ ይቀበላል፣ ካልፈለገ ይተዋል።»

«ታዲያ ቦርድ ያሰኛችሁ ምኑ ነው?» አልኩ። ይህቺን ዳንኤል አልተረጎማትም፤ አውቄበታለሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከመካከላቸው አንዱ የሰባተኛው ሳር ተነቅሎ ጠጠር ይነጠፍበት ይላል፤ አገሩ በረሃ ነው፣ ውሃ ይተርፋል ባይ ነው። ራሞን ደግሞ ያንን ቁልቁለት የሚያውቀው ሽማግሌው ነው ብሎ እኔን አስጠራኝ።

ካቻቪቴውን ከኪሴ አወጣሁ። ሹፌሩ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳብ አደረገ።

«ጠዋት ጠዋት መሬቱን በዚህ እወጋዋለሁ» አልኩ። «ሌላው ቦታ እስከ እጀታው ይገባል። ሰባተኛው ላይ የጣት ያህል እንኳ አይገባም። መሬቱ ደድሯል። ውሃው ሃያ ደቂቃ ባንድ ጊዜ ሲለቀቅበት አይጠጣውም፤ ወርዶ አሸዋው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ሳሩን አትንቀሉት። አምስት ደቂቃ አጠጡ፣ አሳርፉት፣ ደግሞ አምስት። ሕፃን የሚጠባው እንዲህ ነው... ይጠባል፣ ይተነፍሳል፣ ይጠባል።»

ሹፌሩ ሲጽፍ አየሁ። ሰው ስለኔ የሚጽፈውን ሳይነበብልኝ አላምንም። «ምን እንደጻፈ ያንብብልኝ በለው» አልኩ።

ሰውየው ቀና ብሎ አነበበ፤ ዳንኤል ተረጎመ። የሕፃኑን ነገር እንኳ አልተወም። ወረቀቱ ኪሴ ሳይገባ በፊት ምን እንዳለ ሳውቅ የመጀመሪያዬ ነው።

ምክሩ ለከተማው ሄዷል። መልስ አልመጣም፤ ምክር እንጂ ትእዛዝ አይደለማ። እንቅልፌም አብሮ ቀርቷል። በየቀኑ ገና ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰባተኛውን እወጋለሁ... ዛሬም የጣት ያህል አልገባም።

በል ዳንኤል፣ ከላይ ጀምረህ አንብብልኝ። ቁጭ ብድግ ያልኩበት ጋ ስትደርስ የሳቅክ እንደሆን፣ ከአማችነት በቦርድ አሰናብትሃለሁ።