እጃችሁን አንሱ

ከአገር የወጣሁ ዕለት ማታ እናቴ ሻንጣዬን እየዘጋች፣ «እዚያ የማን ልጅ ነሽ የሚልሽ የለም፤ በሰላም ግቢ» አለችኝ። ከዚያ በፊት የእጮኛዬ ሽማግሌዎች ቤታችን መጥተው እንደ ወጉ ዘር ሲቆጥሩ አያቴ ላይ ደርሰው ቆሙ። አያቴ በልጅነቷ ተሸጣ በባላባት ቤት ያደገች ባሪያ ነበረች። «እናትዎ የማን ልጅ ናቸው?» ሲሏት እናቴ አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ፤ ሠርጉም በዚያው ቀረ።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ አታምኑኝም እንጂ፣ የቶሮንቶ ብርድ ጆሮ ይቆርጣል፤ ቲማቲሙም መቅላት እንጂ መጣፈጥ አያውቅም። ግን ዘር የሚቆጥር የለም ብዬ ተጽናናሁ። ሬክስዴል የሚባል ሰፈር ቤት ልከራይ ስሄድ ታዲያ አከራዩ ሪፈረንስ አምጪ አለኝ። ምንድን ነው ብዬ ስጠይቀው፣ በደንብ የሚያውቁሽና የሚመሰክሩልሽ ሰዎች ናቸው አለ። «ከነሱ ሸሽቼ እኮ ነው የመጣሁት» አልኩት። ሳቀ፤ ቤቱን ግን አልሰጠኝም።

በኋላ ቤትም ተገኘ፤ በአማርኛ በሚሰበክበት ቤተ ክርስቲያናችንም ባል አገኘሁ፤ ሜሮንም ተወለደች። የአያቴን ነገር ለሁለቱም አልነገርኩም። ባሌ ደግ ነው፤ እናቱ ግን በደወሉ ቁጥር የሰው ዘር ሲያነሱ ሲጥሉ ነው የሚውሉት። ፈራሁ።

ዘንድሮ የሜሮን ትምህርት ቤት ለባሪያዎች ዘሮች ካሳ ይከፈል ወይስ አይከፈል የሚል ክርክር አዘጋጀ። ለሜሮን በዕጣ «አይከፈል» ደረሳት። ፊቴን አይታ፣ «እማዬ፣ ኢትስ ጀስት ዲቤት፤ ክርክር ብቻ እኮ ነው» አለችኝ።

የክርክሩ ዕለት ከባሌ ጋር ፊት ተቀመጥን። ሜሮን ንግግሯን ልትጨርስ ስትል ወረቀቷን አስቀምጣ ድምጿን ዝቅ አደረገች። ይሄኔ ገባኝ። ፓስተራችን በስብከቱ መጨረሻ፣ ጌታን የሚቀበል እጁን ያንሳ ከማለቱ በፊት የሚያደርገው ነው። እሑድ እሑድ እያየችው ነው ያደገችው።

«በዳዮቹ ሞተዋል፤ ተበዳዮቹም ሞተዋል» አለች በእንግሊዝኛ። «እዚህ አዳራሽ ውስጥ አያቱ ባሪያ የነበረች ሰው ካለ፣ እባካችሁ እጁን ያንሳ።»

ዝም ብላ ጠበቀች። ከኋላዬ የተቀመጡት የጃማይካ ሴትዮ ራሳቸውን በቁጣ ነቀነቁ እንጂ እጃቸውን አላነሱም፤ በሳቸው አገር ባርነት የቀረው ከአያታቸው ዘመን በፊት ነው። የኔ እጅ ቦርሳዬ ላይ ነበር። ባነሳ ልጄን በሰው ፊት ማዋረዴ ነው፤ ባሌም አጠገቤ ነው። እጄን ከቦርሳዬ ላይ አላነሳሁም። ከዚያ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ እኔም አጨበጨብኩ። አሸነፈች።

በማግስቱ ለእናቴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት።

«እና ዝም አልሽ?» አለችኝ።

«ዝም አልኩ።»

«እኔም ያኔ ሽማግሌዎቹ ፊት ዝም ብዬ ነበር» አለች።

ሜሮን ከክፍሏ ወጥታ መጣች። «አያቴ ናት? ስጪኝ፣ ማሸነፌን ልንገራት» አለች።

ስልኩን ሰጠኋት።