አምስት ሸሚዝ ለአንድ ዓርብ

ልብስ ሰፊው ኩርያኮስ በሙስካት ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲኖር ውሸታም ያለው ሰው የለም። ልኬት አይስትም፤ ማክሰኞ ይደርሳል ያለው ጀለቢያ ማክሰኞ ይደርሳል፤ የተረፈችውን ጨርቅ ብጣሽ ሳትቀር ለባለቤቱ ይመልሳል። በዕድሜው የዋሸው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሷም ከባሕሩ ወዲያ፣ በሕንድ አገር በኬረላ፣ በጎማ ዛፎች መሐል በሠራላት ቤት የምትኖረው ሚስቱ አሌያማ ናት።

ውሸቱ ሲጀመር ክፋት አልነበረበትም። በሁለት ዓመት አንዴ ለአርባ ቀን ብቻ አገሩ የሚገባ ባል ትዳሩን የሚያኖረው በደብዳቤ ነው። አሌያማም በጻፈች ቁጥር «በዕረፍትህ ቀን ምን ትሠራለህ? ብቻህን ተቀምጠህ እንዳትተክዝ» ትለዋለች። እሱ ዓርብ ዓርብ የሚሠራውን ያውቃል። እዚያ አገር እሁድ የሥራ ቀን ስለሆነ ቅዳሴውም ዓርብ ነው፤ ጠዋት ያስቀድሳል፣ ከዚያ ሱቁ ገብቶ የብረት መዝጊያውን ከውስጥ ይቆልፍና እስኪመሽ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል። የቤቱ ጣሪያም፣ የልጁ የሊሲ የነርስነት ትምህርትም የወጣው ከዚያ መዝጊያ ጀርባ ነው። ይህን ታዲያ ለሚስት ምን ብለው ይጽፉታል?

ስለዚህ መላ ፈጠረ። በዓመት አንድ ዓርብ፣ አብረውት የሚኖሩት ሰዎች በበሺር ሚኒባስ በባሕሩ ዳር መንገድ እስከ ሱር ወደብ ሲሄዱ፣ እሱም አምስት ሸሚዝ ተኩሶ በፌስታል ይዞ ይወጣል። በሺር ከነዚሁ ሰዎች አንዱ፣ የኬረላዋ የማላፑራም ሰው ነው፤ እጁ መሪ ላይ ሆኖ ምላሱ ሰው ላይ የሚነዳ ሾፌር። መኪናዋ በቆመች ቁጥር «ሙሽራው፣ ሸሚዝ!» ብሎ ይጮኻል። ኩርያኮስ ከመኪናው ጀርባ ቀይሮ ይመጣል፣ ጸጉሩን በውኃ ያርሳል፣ ይቆማል፣ በሺር ያነሣዋል። ከዚያ ፎቶዎቹ በየወሩ አንድ አንድ እየሆኑ በፖስታ ይሄዳሉ። «ባለፈው ዓርብ ቲዊ ወንዝ ሄድን። አየሩ ደስ ይላል» ይላል ደብዳቤው። ሰዎቹ ይስቁበታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። ሲመለስ ግን በመስኮት በኩል ተቀምጦ የቀየራቸውን ሸሚዞች አንድ ባንድ ያጥፍ ነበር።

ስድሳ ዓመት ሞላውና ዓይኑ መርፌ ውስጥ ክር አላስገባ አለው፤ ጠቅልሎ ሊገባ ወሰነ። የሱቁ ባለቤት ሽማግሌው ሐምዳን «ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን በልተን ሚስትህን ሳላያት አትሄድም» ብሎ የሁለት ሳምንት የጉብኝት ፈቃድ አወጣላት። አምስቱ የክፍሉ ሰዎችም አልጋቸውን እያወጡ ክፍሉን ለቀቁላቸው። በሺር ሚኒባሱ ውስጥ ሊያድር ፍራሹን ጠቀለለ።

«ፊትህ ምነው? ሚስትህ ናት የምትመጣው ወይስ ፖሊስ?» አለው።

«ዓርብ ዓርብ የምሄድበትን ልየው ብላለች።»

«ንገራትና ተገላገል፣ ጋሼ። ሰው አልገደልክ፤ ሸሚዝ ነው የቀየርከው።»

«አንተ በየዓመቱ ቤትህ ትገባለህ። እኔ ከደብዳቤ ሌላ ምን ሰጠኋት? ደብዳቤውም ውሸት ከሆነ ምን ቀረኝ?»

በሺር ፍራሹን ተሸክሞ ወጣ። ኩርያኮስን ያስፈራው ጠቡ አይደለም። ከእንግዲህ እስከ ዕለተ ሞቱ ከዚህች ሴት ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ሊኖር ነው፤ ከማን ጋር እንደኖረች ስታውቅ በምን ዓይን ታየው ይሆን? ሲጠብቃት የኖረውን ቀን አሁን እንዳይመጣ ተመኘ፤ በዚህም ራሱን ጠላ።

አሌያማ የሙዝ ጥብስና በበርበሬ የተዘፈዘፈ ማንጎ በካርቶን ጭና መጣች። በማግስቱ ክፍሉን ስትጠርግ የስድስት አልጋ እግር ወለሉ ላይ የተወውን ምልክት አየች። በደብዳቤ ለሁለት ነን ብሏት ነበር። አንድ ባንድ በመጥረጊያዋ ጫፍ እየነካች አለፈችና «ሩዙ በስሏል፣ ና ብላ» አለችው። ኩርያኮስ ያን ምሳ እንዴት እንደዋጠው እሱ ያውቃል።

ዓርብ ከቅዳሴ በኋላ ወጡ። አሌያማ ከፊት ወንበር ተቀመጠች፣ የጨርቅ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ። መጀመሪያ የቆሙት ውኃ የሞላው ትልቁ የተፈጥሮ ጉድጓድ አጠገብ ነው። ኩርያኮስ ደረጃውን እያሳየ «እዚህ ብዙ ጊዜ እንመጣለን» አላት፤ ድምፁ ለራሱ የሌላ ሰው መሰለው። እሷ አንገቷን ነቀነቀች። አብረው ቆሙ፣ በሺር ፎቶ አነሣቸው፣ ወደ ቲዊ ቀጠሉ።

ቲዊ ወንዝ ሲደርሱ በሺር የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ሃያ ዓመት የለመደ አፍ ደግሞ ባለቤቱን አያስፈቅድም።

«ሙሽራው፣ ሸሚዝ!» ብሎ ጮኸ።

ወዲያው ደነገጠና መሪው ላይ ግንባሩን ደፋ። ኩርያኮስ የበሩን እጀታ ይዞ ቀረ።

«ምነው፣ አይቀይርም እንዴ?» አለች አሌያማ። ቦርሳዋን ከፍታ በእጥፉ የተተኮሰ ሰማያዊ ሸሚዝ አወጣችና ዘረጋችለት። «ይኸው፣ ይዤልሃለሁ።»

«የሊሲ እናት…»

«አውራ ጣትህን መርፌ ወግቶህ በነጭ ጨርቅ ያሰርክበት ዓመት ትዝ ይልሃል? ጨርቁ በአምስቱም ፎቶ ላይ አለ። ከጥር እስከ ግንቦት የማይድን ምን ዓይነት ቁስል ነው ብዬ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተሳልኩልህ! ሻማ ይዤ በእግሬ ሄጃለሁ።» ጥቂት ፈገግ አለችና ተወችው። «ከዚያ ፎቶዎቹን ደግሜ ሳይ አባቴ የሰጠህ ሰዓት እጅህ ላይ ነው። የጥር ወሩ ሦስት ሰዓት ይላል፣ የየካቲቱ አራት ተኩል፣ የግንቦቱ ዐሥር። እንደ ሰዓታቸው ደረደርኳቸው። አንድ ቀን ሆኑ።»

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሊሲ አራተኛ ክፍል ሳለች።»

ሊሲ ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት። ኩርያኮስ ዓመታቱን መቁጠር ጀመረና መጨረስ አቃተው። በሺር ወርዶ ምንም ያልሆነ ጎማ ይመረምር ጀመር።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ያን ሁሉ ዘመን እንደ ቂል ስጽፍልሽ!»

«ብነግርህ ታፍራለህ፣ የሊሲ አባት። ካፈርክ ሸሚዙን መያዝ ትተዋለህ። ሸሚዙን ከተውክ ደግሞ መውጣቱንም ትተወዋለህ፤ አውቅሃለሁ። በዓመት አንድ ቀን እንኳ ፀሐይ ይምታው ብዬ ነው።»

ኩርያኮስ አለቀሰ። ሰው ያየኛል ሳይል፣ ከመኪናው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ፣ እንደ ልጅ አለቀሰ። እሷ አላባበለችውም፤ ጀርባውን ይዛ ብቻ ጠበቀችው። ሲወጣለት ሰማያዊውን ሸሚዝ ከእጇ ተቀበለና ወደ ወንዙ ወረዱ። ድንጋዩ በፀሐይ ግሎ ስለነበር ሸሚዙን አጥፎ አነጠፈላትና በላዩ አስቀመጣት። በሺር ካሜራውን ይዞ መጣና አነሣቸው።

ከዚያ ነጩ አሸዋ ዳር ቆሙ፣ ጀልባ የሚሠራበት ቦታ ቆሙ፣ ማታ ገደማ ሱር ወደብ ላይ ቆሙ። በሁሉም ላይ ኩርያኮስ የለበሰው ያንኑ የቅዳሴውን ቢጫ ሸሚዝ ነው፤ በመጨረሻው ፎቶ ላይ አንገትጌው በላብ ጠቁሯል።

በሚቀጥለው ወር ጠቅልሎ አገሩ ሲገባ ፎቶዎቹን በሻንጣው ይዞ ሄደ። ሊሲ ከልጆቿ ጋር ልትጠይቃቸው መጥታ በረንዳው ላይ አንድ ባንድ አየቻቸውና ግራ ገባት።

«አባዬ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ አብራችሁ ነበራችሁ አይደል? እነዚህ ሁሉ የአንድ ቀን ናቸው እንዴ?»

አሌያማ ልትመልስ አፏን ከፈተች። ኩርያኮስ ቀደማት።

«አዎ፣ ልጄ» አለ። «የአንድ ቀን ናቸው።»